አክታ መትፋት ለማይችሉ ሕፃናት፦ ቲቢን በዓይነ ምድር መመርመር ምን ለውጥ ያመጣል?

አንድ አዋቂ ሰው የሳንባ ነቀርሳ፣ በተለምዶ ቲቢ የሚባለው በሽታ፣ ይዞታል ተብሎ ሲጠረጠር የሚጠየቀው ነገር ቀላል ነው፤ አክታውን በትንሽ ዕቃ አድርጎ እንዲሰጥ ይነገረዋል። የሁለት ዓመት ሕፃን ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ሲያስል ከሳንባው የሚወጣውን አክታ መልሶ ይውጠዋል።

ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት በየዓመቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት በሽታቸው ሳይታወቅ እንዲሞቱ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ ነው። ባለፉት ዓመታት በናይሮቢና በምዕራብ ኬንያ የተካሄዱ ጥናቶች፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ የተሠራ የላቦራቶሪ ሥራ፣ ለዚህ ችግር አንድ መፍትሔ ጠቁመዋል። መፍትሔው ማንኛውም እናት በቤቷ ልትወስደው የምትችለው ናሙና ነው፤ የልጁ ዓይነ ምድር።

የችግሩ ስፋት

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በአውሮፓውያኑ 2023 በመላው ዓለም 10.8 ሚሊዮን ሰዎች በቲቢ ታመዋል። ከእነዚህ መካከል 12 በመቶ ያህሉ ሕፃናትና ታዳጊዎች ናቸው። በዚያው ዓመት በሽታው 1.25 ሚሊዮን ሰዎችን ገድሏል።

ከአዋቂዎች ይልቅ የልጆቹ ቁጥር ብዙውን ጊዜ በግምት ላይ የተመሠረተ ነው። ምክንያቱም ከታመሙት ልጆች መካከል ግማሽ ያህሉ በየአገራቱ የጤና መዝገብ ላይ አይሰፍሩም። አልተመረመሩም፣ ወይም ተመርምረው በሽታቸው አልተገኘም፣ አለዚያም ለሌላ በሽታ ታክመዋል።

የዚህን ውጤት በግልጽ ካሳዩ ጥናቶች አንዱ በአውሮፓውያኑ 2017 «ላንሴት ግሎባል ሄልዝ» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ተመራማሪዎቹ ባሰሉት መሠረት በ2015 ብቻ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ 239 ሺህ ልጆች በቲቢ ሞተዋል። ከአሥሩ ስምንቱ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። ከሟቾቹ ከ96 በመቶ የሚበልጡት ደግሞ የቲቢ ሕክምና አልጀመሩም ነበር።

ይህ የመጨረሻ ቁጥር ብዙ ይናገራል። መድኃኒቱ አለ፤ ሕክምናውን በጊዜ የጀመሩ ልጆችም በአብዛኛው ይድናሉ። የጎደለው በሽታውን ለይቶ ማወቅ ነው።

ኬንያም ሆነች ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ይበዛባቸዋል ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገራት መካከል ይገኛሉ። በናይሮቢ እንደ ኪቤራ፣ ማታሬና ሙኩሩ ባሉ የተጨናነቁ ሰፈሮች አንድ ሙሉ ቤተሰብ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ይኖራል። ብዙ ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን በሚኖሩበት በኢስትሊም መጨናነቅ እንግዳ አይደለም። ቲቢ የሚተላለፈው በአየር በመሆኑ፣ መስኮት በሌለው ጠባብ ቤት ውስጥ የሚያስል አንድ አዋቂ አብረውት ለሚያድሩት ልጆች ሁሉ ስጋት ነው።

ኬንያ በ2015 እና 2016 ባካሄደችው አገር አቀፍ የቲቢ ስርጭት ጥናት፣ ከሕሙማኑ 40 በመቶ ያህሉ በጤና ሥርዓቱ ሳይገኙ እንደሚቀሩ ተረድታለች። ያልተገኘ አዋቂ ታማሚ ባለበት ቤት፣ ያልተገኘ ታማሚ ልጅም ሊኖር ይችላል።

የልጆች ቲቢ ለምን ይደበቃል?

ምክንያቱ አክታ መትፋት አለመቻላቸው ብቻ አይደለም። በሕፃናት ሳንባ ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ብዛት ከአዋቂዎቹ እጅግ ያነሰ ነው። ሮበርት ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን በ1882 ካሳወቀ ወዲህ ለረጅም ዘመን ዋናው መመርመሪያ አጉሊ መነጽር ነበር። በአጉሊ መነጽር ባክቴሪያውን ለማየት ግን በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5 ሺህ እስከ 10 ሺህ የሚደርሱ ባክቴሪያዎች መኖር አለባቸው። አብዛኞቹ የታመሙ ሕፃናት ይህን ያህል የላቸውም።

ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ የማሳደግ ምርመራ፣ ማለትም ካልቸር፣ ይበልጥ ብቁ ነው። ሆኖም ውጤቱ ለመድረስ ሳምንታት ይወስዳል። እንዲያም ሆኖ በሐኪም ግምገማ ቲቢ አለባቸው ከተባሉ ሕፃናት መካከል ካልቸር የሚያረጋግጠው ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን ብቻ ነው።

የበሽታው ምልክቶችም አሳሳች ናቸው። ሳል፣ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስና መዛል በሳንባ ምች፣ በምግብ እጥረት ወይም በኤችአይቪ ምክንያትም ይመጣሉ። አንድ ሕፃን ለሳንባ ምች መድኃኒት ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ ሳይሻለው ዳግም ወደ ጤና ጣቢያ መምጣቱ የተለመደ ነው።

በሕፃናት ላይ ደግሞ ጊዜ ፋታ አይሰጥም። በተለይ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባክቴሪያው ከገባባቸው በኋላ በፍጥነት ሊታመሙ ይችላሉ። በሽታው ከሳንባ አልፎ በደም አማካይነት ወደ ሌላው የሰውነት ክፍል ሊዛመት፣ የአንጎልን ሽፋን በማጥቃትም የቲቢ ማጅራት ገትር ሊያስከትል ይችላል። ሲወለዱ የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት ከእነዚህ ከባድ የበሽታው ዓይነቶች ቢከላከልም ሙሉ ዋስትና አይሆንም።

በአፍንጫ የሚገባው ቱቦ

ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት መንገድ ልጁ የዋጠውን አክታ ከሆዱ ማውጣት ነው። ሕፃኑ ሌሊቱን ምንም ሳይበላ ያድርና ማለዳ ላይ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫው በኩል ወደ ጨጓራው ይገባል። በቱቦው የጨጓራ ፈሳሽ ተስቦ ይወጣና ለምርመራ ይላካል። ብዙውን ጊዜ ይህ በተከታታይ ቀናት መደገም ስላለበት ልጁ ሆስፒታል ይተኛል።

ሌላው አማራጭ የጨው ውሃ በጭጋግ መልክ እንዲተነፍስ አድርጎ ሳል መቀስቀስና አክታውን በመምጠጫ መሳብ ነው። ሁለቱም ሥራዎች የሠለጠነ ባለሙያ፣ ልዩ መሣሪያና ተስማሚ ክፍል ይጠይቃሉ። ለልጁ ያማሉ፤ ያስፈራሉ። የሚያለቅስ ልጁን አጥብቆ መያዝ ለወላጅም ከባድ ነው።

በዚህ ምክንያት ምርመራው የሚሰጠው በትልልቅ ሆስፒታሎች ነው። አብዛኞቹ ሕፃናት መጀመሪያ የሚታዩባቸው ጤና ጣቢያዎች ያላቸው አማራጭ ልጁን ወደ ሌላ ተቋም መላክ ወይም በግምት ማከም ነበር።

ዓይነ ምድር ለምን?

ሐሳቡ የተመሠረተው በዚያው በተዋጠው አክታ ላይ ነው። ሕፃኑ የሚውጠው አክታ በጨጓራና በአንጀት አልፎ ይወጣል። የቲቢ ባክቴሪያ ጠንካራና በሰም መሰል ቅባት የተሸፈነ ግድግዳ ስላለው ጉዞው ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ባክቴሪያው ቢሞት እንኳ የዘረ መሉ ቅሪት በዓይነ ምድር ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ይህን ቅሪት ለማግኘት ያስቻለው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 መጨረሻ የደገፈው ይህ መሣሪያ በናሙናው ውስጥ ያለውን የቲቢ ባክቴሪያ ዘረ መል በማባዛት በሁለት ሰዓት ገደማ ውጤት ይሰጣል። ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑንም ያሳያል። ከዚያ በኋላ የመጣው አልትራ የተባለው ዓይነት እጅግ ጥቂት ባክቴሪያ ያለበትን ናሙና ጭምር መለየት ይችላል።

በናይሮቢና በኪሱሙ የታየው

ኬንያ ለቲቢ ምርምር አዲስ አገር አይደለችም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በምሥራቅ አፍሪካ ከብሪታኒያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጋር የተካሄዱት ታዋቂ ጥናቶች ኬንያን ያካተቱ ነበሩ። ዓመት ተኩል ይወስድ የነበረው የቲቢ ሕክምና በስድስት ወር ሊያልቅ እንደሚችል ለዓለም ያሳዩትም እነዚያ ጥናቶች ናቸው።

ወደ ሕፃናቱ ስንመጣ፣ በ2018 «ኤይድስ» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በናይሮቢና በምዕራብ ኬንያ ሆስፒታሎች ተኝተው ይታከሙ የነበሩ 165 ልጆችን ተመልክቷል። ልጆቹ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በታች ሲሆን ሁሉም ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸውና ሕክምናውን ገና ያልጀመሩ ነበሩ። ከእያንዳንዳቸው አክታ ወይም የጨጓራ ፈሳሽ፣ ዓይነ ምድርና ሽንት ተወስዶ ውጤታቸው ተነጻጸረ።

በጂን ኤክስፐርት የተመረመረው ዓይነ ምድር በካልቸር ከተረጋገጡት ሕሙማን ከአሥሩ ስድስት ያህሉን ለይቷል። ይህም በዚያው መሣሪያ የተመረመረው አክታ ወይም የጨጓራ ፈሳሽ ካስገኘው ውጤት ጋር ተቀራራቢ ነበር። ቲቢ የሌለባቸውን ልጆች በስህተት «አለባችሁ» የማለት ዕድሉም እጅግ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

በኪሱሙ አካባቢ ከ2013 እስከ 2015 የተካሄደ ሌላ ጥናት ደግሞ ምልክት የታየባቸውን 300 ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት አካትቷል። ተመራማሪዎቹ ከአንድ ልጅ ብዙ ዓይነት ናሙናዎችን በመውሰድ የትኛው ወይም የትኞቹ ጥምረት ብዙ ሕሙማንን እንደሚያገኙ መርምረዋል። ከአፍንጫ ጀርባ የተወሰደ ፈሳሽና ዓይነ ምድር በአንድነት ሲመረመሩ፣ የሚገኘው ውጤት ከተለመዱት አስቸጋሪ ናሙናዎች ጋር ተቀራራቢ መሆኑን በ2021 አስታውቀዋል። አንድን ናሙና ከመደጋገም ይልቅ ሁለት ቀላል ናሙናዎችን ማጣመር እንደሚያዋጣ ይህ አመላካች ነው።

የአዲስ አበባው አስተዋጽኦ

ዓይነ ምድርን ለመመርመር አንድ እንቅፋት ነበር። ናሙናው ብዙ ባዕድ ነገር ስላለበት መሣሪያውን ሊዘጋ ወይም የዘረ መል ማባዛቱን ሂደት ሊያደናቅፍ ይችላል። ቀደም ሲል የነበሩት የማጣሪያ ዘዴዎች ናሙናውን በከፍተኛ ፍጥነት የሚያሽከረክር ማሽንና ብዙ እርምጃዎች ይጠይቁ ነበር። ይህ ደግሞ ሥራውን ወደ ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ይመልሰዋል።

መቀመጫውን ኔዘርላንድስ ያደረገው የቲቢ ድርጅት ኬኤንሲቪ ከኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ጋር ያዳበረው «ባለ አንድ እርምጃ ቀላል ዘዴ» ይህን ችግር አቃልሏል። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ግራም የማይሞላ ዓይነ ምድር በእንጨት ተወስዶ፣ ከጂን ኤክስፐርት ጋር አብሮ የሚመጣው ፈሳሽ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጨመራል። ጠርሙሱ በደንብ ይናጥና 10 ደቂቃ ይቆያል። እንደገና ተንጦ ሌላ 10 ደቂቃ ሲቀመጥ ዝቃጩ ወደ ታች ይወርዳል። ከላይ የቀረው ፈሳሽ በመምጠጫ ተወስዶ ወደ መመርመሪያው ካርትሬጅ ይገባል።

ተጨማሪ ማሽን የለም፤ ተጨማሪ ኬሚካልም የለም። አክታ በጂን ኤክስፐርት የሚመረምር ላቦራቶሪ ሁሉ ሊሠራው ይችላል። ዘዴው በ2021 በሳይንሳዊ መጽሔት የታተመ ሲሆን ኢትዮጵያም የዓይነ ምድር ምርመራን ወደ መደበኛ አገልግሎት ካስገቡ ቀደምት አገራት መካከል ነች።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ዓይነ ምድር በሕፃናት ላይ ለሚደረግ የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ከሚመከሩ ናሙናዎች አንዱ እንዲሆን ወስኗል። በ2022 ባወጣው መመሪያም ምክሩን አልትራ ለተባለው ምርመራ አስፍቶታል።

ሽንትስ?

ሽንትም ያለ ሕመም የሚገኝ ናሙና ነው። ከባክቴሪያው ግድግዳ የሚወጣ «ላም» የተሰኘ ንጥረ ነገር በሽንት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ምርመራው እንደ እርግዝና መመርመሪያ ባለ ወረቀት ላይ የሚሠራ ሲሆን 25 ደቂቃ ያህል ብቻ ይፈጃል፤ የኤሌክትሪክ ኃይልም አያስፈልገውም።

ድክመቱ ብዙ ሕሙማንን ማለፉ ነው። ከላይ በተጠቀሰው የኬንያ ጥናት ሽንት የለየው በካልቸር ከተረጋገጡት ልጆች ከግማሽ በታች የሚሆኑትን ነበር። በሽንታቸው ንጥረ ነገሩ የተገኘባቸው ልጆች ግን የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ ነበር። ስለዚህ ምርመራው አስቸኳይ ሕክምና የሚሹትን ለመለየት ይረዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ኤችአይቪ ላለባቸው ሰዎች፣ ከሌሎች ምርመራዎች ጎን ለጎን ነው።

ከምላስ ላይ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና ቲቢን ለመለየት የሚደረገው ምርምርም ቀጥሏል።

«አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም

የዓይነ ምድር ምርመራ ትልቁ አደጋ ውጤቱን በተሳሳተ መንገድ መረዳት ነው። ለምሳሌ ቲቢ የያዛቸው 100 ሕፃናት አሉ እንበል። ካልቸር የሚያረጋግጠው ከ30 እስከ 40 የሚሆኑትን ነው። ዓይነ ምድር ከእነዚህ ከአሥሩ ስድስቱን ቢያገኝ፣ በምርመራው የሚታወቁት 20 ያህል ብቻ ይሆናሉ። የቀሩት 80 ልጆች ወረቀታቸው ላይ «አልተገኘም» ተብሎ ይጻፋል፤ በሽታው ግን አብሯቸው አለ።

ስለዚህ ውጤቱ «ተገኝቷል» የሚል ከሆነ አስተማማኝ ነው፤ ሕክምናው ወዲያው ሊጀመር ይገባል። «አልተገኘም» የሚል ከሆነ ግን ሐኪሙ ሥራውን አልጨረሰም። የልጁን ምልክት፣ የክብደቱን ሁኔታ፣ በቤቱ ውስጥ የቲቢ ታማሚ መኖር አለመኖሩን፣ ከተገኘም የደረት ራጁን አገናዝቦ መወሰን አለበት።

የ2022ቱ መመሪያ ለዚህ የሚረዳ የነጥብ አሰጣጥ ሥርዓት አቅርቧል። የጤና ባለሙያው ለእያንዳንዱ ምልክት ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ የተወሰነ መጠን ከደረሰ ላቦራቶሪ ባያረጋግጥም ሕክምናው ይጀመራል። ራጅ ለሌላቸው ጤና ጣቢያዎችም የተዘጋጀ ሥርዓት አለ።

እንግዲያውስ ሐኪም በምልክት ብቻ ማከም ከቻለ የዓይነ ምድር ምርመራ ጥቅሙ ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። በመጀመሪያ፣ በግምት ማከም የሚያመነታ ባለሙያ ማረጋገጫ ሲያገኝ ሕክምናውን ሳይዘገይ ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ባክቴሪያው መድኃኒት የተላመደ ከሆነ ምልክት ብቻውን ይህን ሊናገር አይችልም።

ከምርመራው በኋላ

የልጆች ሕክምና ራሱ ከቀድሞው ቀሏል። ቀደም ባሉት ዓመታት ወላጆችና ነርሶች ለአዋቂ የተዘጋጀን መራራ እንክብል እየሰበሩና እየፈጩ ለልጆች ይሰጡ ነበር፤ መጠኑም በትክክል አይታወቅም ነበር። ኬንያ በ2016 በውሃ የሚሟሟና የፍራፍሬ ጣዕም ያለው፣ በልጆች ክብደት የተመጠነ የቲቢ መድኃኒት በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ በማዋል ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆናለች።

ኡጋንዳ፣ ዛምቢያ፣ ደቡብ አፍሪካና ሕንድ ውስጥ በተካሄደ ጥናት ላይ ተመሥርቶም፣ በሽታው ላልጠናባቸው ልጆች ሕክምናው ከስድስት ወር ወደ አራት ወር ሊያጥር እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 አስታውቋል። ሆኖም ይህ ዕድል የሚገኘው በሽታው ሳይጠና ሲታወቅ ነው።

የቀሩት እንቅፋቶች

ናሙናው ቀላል ቢሆንም መሣሪያው ቀላል አይደለም። ጂን ኤክስፐርት የማይቆራረጥ ኃይልና ከመጠን በላይ የማይሞቅ ክፍል ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ምርመራ አንድ ካርትሬጅ ያስፈልጋል፤ ዋጋው በ2023 ከ10 ዶላር ገደማ ወደ 8 ዶላር ገደማ ቢወርድም በብዛት ለሚገዙ አገራት አሁንም ቀላል ወጪ አይደለም። መሣሪያው በሌለበት ጤና ጣቢያ ናሙናው በሞተር ብስክሌት ወይም በመኪና መጓጓዝ፣ ውጤቱም ወደ ቤተሰቡ መመለስ አለበት።

በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቋርጥ ከተጎዱት አገልግሎቶች መካከል የቲቢ ሥራ ይገኝበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የላቦራቶሪ አገልግሎት፣ የናሙና ማጓጓዝና የመድኃኒት አቅርቦት በብዙ አገራት መስተጓጎሉን ገልጾ አስጠንቅቋል። ናሙናው ከጤና ጣቢያው ካልወጣ የትኛውም ዘዴ ፋይዳ የለውም።

ወላጆች ምን ማስተዋል አለባቸው?

የሕክምና መመሪያዎች ወላጆች የሚከተሉትን ምልክቶች እንዳይንቁ ያሳስባሉ።

ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየና በተለመደው መድኃኒት ያልሻለ ሳል።

ምክንያቱ ያልታወቀና የማይለቅ ትኩሳት።

የክብደት መቀነስ፣ ወይም ልጁ እየበላ ክብደት አለመጨመሩ።

መዛልና እንደ ወትሮው አለመጫወት።

በአንገት ላይ የሚታይ፣ የማያምና የማይጠፋ እብጠት።

ከሁሉም በላይ ግን ትልቁ ፍንጭ በቤት ውስጥ ያለ ሰው ነው። እናት፣ አባት፣ አያት ወይም ሞግዚት ቲቢ እንዳለባቸው ከታወቀ፣ ልጆቹ ምልክት ባይኖራቸውም ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለባቸው። በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ባይታመሙ እንኳ በሽታው እንዳይነሳባቸው የመከላከያ መድኃኒት ሊሰጣቸው ይገባል።

ለምርመራ ዓይነ ምድር ካስፈለገ ናሙናው ከጤና ተቋሙ በሚሰጥ ንጹሕ ዕቃ ይወሰዳል። ልጁ መጾም፣ ሆስፒታል መተኛትም ሆነ መታመም አያስፈልገውም። ውጤቱ «አልተገኘም» ከተባለና ልጁ ካልተሻለው ግን ወላጆች ወደ ሐኪሙ ተመልሰው ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ መጠየቅ ይኖርባቸዋል።